አረሩ «አይተኛም»፦ «በ100 ሜትር የተፈተነ ጥይት አልተፈተነም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«በ100 ሜትር የተፈተነ ጥይት አልተፈተነም» የሚለውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ተናደድኩ። ሁለተኛ ሳነበው ጸሐፊው ከሚሉት ግማሹን እኔም ከዓመታት በፊት በሙሉ ልቤ አምን እንደነበር ትዝ አለኝና ንዴቴ በረደ። ጥይቱን በገዛ እጁ ለሚሞላ ሰው ነገሩ ቀላል አይደለም። ቀለሃ አጽድቶ፣ ፕራይመር (ባሩዱን የሚለኩሰውን ቆብ) ገጥሞ፣ ባሩድ በሚዛን መዝኖ፣ አረሩን በልኩ ያስቀመጠ ሰው ድካሙ ፍሬ ማፍራቱን የሚያውቀው ወረቀት ላይ ከሚቀሩት ቀዳዳዎች ነው። ከምን ያህል ርቀትና በምን ዓይነት ስኮፕ (አጉልቶ የሚያሳይ ማነጣጠሪያ) እንደተተኮሱ ካልታሰበበት ደግሞ ቀዳዳዎቹ ሌላ ታሪክ ያወራሉ።

ጽሑፉን ላላነበባችሁ የጸሐፊውን ነጥቦች ላስቀምጥ። አረር ከአፈሙዝ እንደወጣ ስለሚንገዳገድ እስከ 200 ሜትር ድረስ «አልተኛም»፣ ስለዚህ የአሞላል ሙከራ ከ300 ሜትር መጀመር አለበት ይላሉ። ርቀቱ ልዩነትን ስለሚያጎላ ለእያንዳንዱ የባሩድ መጠን ሦስት ጥይት ይበቃል ይላሉ። ከ25 እጥፍ በታች የሚያጎላ ስኮፕ ለዚህ ሥራ አይሆንም፣ ፓራላክስን (ዓይን ሲንቀሳቀስ የስኮፑ መስቀል ዒላማው ላይ መንሸራተቱን) ለማስተካከል የጎን መዘውሩን ርቀቱ በተጻፈበት ቁጥር ላይ ማቆም ይበቃል፣ ከእያንዳንዱ ስብስብ (በአንድ ማነጣጠሪያ ነጥብ ላይ ከተተኮሱ ቀዳዳዎች) በኋላም ስኮፑን በክሊክ (በማስተካከያው መዘውር ደረጃዎች) ወደ መሃል መመለስ «ንጹሕ መነሻ» ይሰጣል ባይ ናቸው። ለማስረጃ አምስት የ300 ሜትር ወረቀቶችን በፎቶ አያይዘዋል። ወረቀቶቹን በልባችሁ ያዙልኝ፤ እመለስባቸዋለሁ።

እንቅልፍ የሚባለው ነገር

የቀረው ሁሉ የቆመው በመጀመሪያው ነጥብ ላይ ስለሆነ ከሱ ልነሣ። ጸሐፊው በ100 ሜትር 1 ደቂቃ የተበተነ ጥይት በ300 ሜትር ግማሽ ደቂቃ ብቻ ሆኖ እንዳገኙት ይናገራሉ። የማዕዘን ደቂቃ የዲግሪ 60ኛ እጅ ነው፤ በ100 ሜትር 29 ሚሊሜትር፣ በ300 ሜትር 87 ሚሊሜትር ይሸፍናል። ማብራሪያቸው አረሩ እየተንገዳገደ ይወጣል፣ ከዚያ ረግቶ ይተኛል የሚል ነው።

መንገዳገዱ እውነት ነው። የአረሩ አፍንጫ ከአፈሙዝ ሲወጣ በጥቂቱ ያፈነግጣል፣ እየተሽከረከረ ሲሄድም እንደ እንዝርት ቀስ በቀስ ይረጋል። ይሁን እንጂ በዚህ ምክንያት አረሩ በጉዞ መስመሩ ዙሪያ የሚሠራው ጠመዝማዛ እጅግ ጠባብ ነው። ከዚያ ተነሥቶ «ስብስቡ በርቀት ይጠባል» ወደሚለው የሚያሻግር ድልድይ የለም።

እስቲ አስቡት። አምስት አረሮች 100 ሜትር ሲደርሱ ዳርና ዳር ያሉት 29 ሚሊሜትር ተራርቀዋል፤ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ እያመራ ነው። በያዙት መንገድ ቢቀጥሉ በ300 ሜትር 87 ሚሊሜትር ይራራቃሉ። ግማሽ ደቂቃ ይሆኑ ዘንድ ግን 44 ሚሊሜትር ላይ መገኘት አለባቸው። ወደ ግራ ያመራው አረር መሃሉ በቀኙ እንዳለ፣ ወደ ቀኝ ያመራው ደግሞ መሃሉ በግራው እንዳለ ዐውቆ ጎዳናውን ማጠፍ ይኖርበታል። አረር ጓደኞቹ የት እንዳሉ በምን ያውቃል? ቀድሞት የተተኮሰው እኮ ወረቀቱን በስቶ አፈር ውስጥ ገብቷል።

ክርክሩን ሜዳ ላይ መፍታት ይቻላል። በባሊስቲክስ (የአረር ጉዞ ጥናት) ሥራው የሚታወቀው አሜሪካዊው ብራያን ሊትዝ ይህን ለሚያምኑ ተኳሾች ግብዣ አቅርቦ ነበር፦ ያው አንዱ አረር ቅርብ ያለውን ወረቀት በስቶ አልፎ ሩቅ ያለውን ዒላማ ይምታ፣ ሁለቱም ይለኩ፣ ከዚያ በማዕዘን ጠበበ የሚለው ይታይ። ያለ ልዩ የመለኪያ መሣሪያም መሞከር ይቻላል። ስስ ወረቀት በእንጨት ዘንግ ወጥራችሁ 100 ሜትር ላይ አቁሙ፣ ዋናውን ዒላማ 200 ወይም 300 ሜትር ላይ አድርጉ፣ ሁለቱን አንድ መስመር ላይ አውሉ። በስስ ወረቀት ማለፍ አረሩን አይጎዳውም። አስር ጥይት ተኩሳችሁ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጡ። ወሳኙ ነገር አንድ ማነጣጠር ሁለት ወረቀት መጻፉ ነው። በ100 ሜትር ለብቻ፣ በ300 ሜትር ለብቻ ስትተኩሱ ግን የምታወዳድሩት ሁለት የተለያዩ ማነጣጠሮችን ነው፤ ጸሐፊው ያደረጉትም ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የሚገባቸውን ልስጥ። ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ከሆነ ስብስብ በርቀት በማዕዘን የሚጠብበት ሁኔታ አለ። በርሜል ሲተኮስ ይርገበገባል። አፈሙዙ ወደ ላይ በመነሣት ላይ ሳለ አረሮቹ የሚወጡ ከሆነ፣ ፈጣኑ ቀድሞ ዝቅ ብሎ፣ ዘገምተኛው ዘግይቶ ከፍ ብሎ ይወጣል፤ በአንድ የተወሰነ ርቀት ላይም ሁለቱ ይገናኛሉ። የ.303 ሊ ኤንፊልድ ጠመንጃ በረጅም ርቀት ውድድር የታወቀው በዚህ ጠባዩ ነው። ነገር ግን ይህ የጠመንጃው እንጂ የአረሩ «እንቅልፍ» አይደለም፣ በጎን ያለውን ብትን አይነካም፣ የሚሠራውም በተወሰነ ርቀት አካባቢ ነው። ጸሐፊው ያሳዩት ክብ ስብስብ በጎንም በቁመትም በግማሽ የጠበበ ነው። ይህን ሊ ኤንፊልድም አያደርገውም።

የተጠርጣሪው ስም ፓራላክስ ነው

ታዲያ ያ ልዩነት ከየት መጣ? እኔ የምጠረጥረው ስኮፑን ነው። የስኮፑ መስቀልና የዒላማው ምስል በስኮፑ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ካልወደቁ፣ ዓይን ትንሽ ወደ ጎን ባለ ቁጥር መስቀሉ ዒላማው ላይ ይንሸራተታል። ጠመንጃው ንቅንቅ አላለም። ተኳሹ ግን መስቀሉን ወደ መሃል ለመመለስ ጠመንጃውን ያዞራል፣ አረሩም ወደዚያው ይሄዳል።

የስህተቱ ጣሪያ በቀላሉ ይሰላል። የፊት ሌንሱን ዲያሜትር ግማሽ ውሰዱ፤ በዒላማው ርቀትና ስኮፑ በተስተካከለበት ርቀት መካከል ባለው ልዩነት አባዙት፤ ስኮፑ ለተስተካከለበት ርቀት አካፍሉት። የፊት ሌንሱ 50 ሚሊሜትር የሆነ ስኮፕ ለ300 ሜትር ተስተካክሎ በ100 ሜትር ቢተኮስበት፣ ዓይን ዳር ላይ ሲሆን ስህተቱ ወደየትኛውም አቅጣጫ 17 ሚሊሜትር ገደማ ይደርሳል። መዘውሩ «ወሰን የለሽ» ምልክቱ ላይ ከተተወ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ያን ጊዜ ስህተቱ በየትኛውም ርቀት እኩል 25 ሚሊሜትር ነው። ይህ 25 ሚሊሜትር በ100 ሜትር 0.86 ደቂቃ ነው፤ በ300 ሜትር ግን 0.29 ደቂቃ ብቻ። አያችሁ? ምንም ሳይተኛ፣ ምንም ሳይነቃ፣ ያው ስህተት በደቂቃ ሲቆጠር ራቅ ባለ ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል። ጸሐፊው ደግሞ ስኮፓቸው ለረጅም ርቀት «ተስተካክሎ የተቀመጠ» መሆኑን በገዛ ጽሑፋቸው በኩራት ነግረውናል።

ይህን የምጽፈው ከፍ ብዬ ለማስተማር አይደለም። እኔም ሦስት ወር ሙሉ በዚሁ ጉድጓድ ውስጥ ኖሬአለሁ። ባሩድ ለወጥኩ፣ ፕራይመር ለወጥኩ፣ አረሩን ወደ ፊትም ወደ ኋላም አስቀመጥኩ፤ በ100 ሜትር ስብስቤ በጎን እንደተጨፈለቀ እንቁላል ሆኖ ቀረ። አንድ ቀን በዕድሜ የሚበልጡኝ ተኳሽ ከኋላዬ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና «እስቲ ጠመንጃውን ሳትነካ አንገትህን ነቅነቅ አድርግ» አሉኝ። አደረግኩ። መስቀሉ ዒላማው ላይ ወዲያና ወዲህ ዋኘ። «ይኸው ባሩድህ» ብለው ሄዱ። እኔ ስፈልገው የነበረው ሁሉ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ኖሯል። መዘውሩን አስተካክዬ፣ መጀመሪያ የጣልኩትን አሞላል እንደገና ተኮስኩት፤ እስከ ዛሬም የምጠቀመው እሱን ነው።

ስለዚህ መዘውሩን ቁጥሩ ላይ ማቆም ይበቃል የሚለው ምክር ከጽሑፉ ሁሉ እጅግ የሚጎዳው ነው። መዘውሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ጥቆማ እንጂ መሐላ አይደለም። ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ በዓይን በኩል ያለውን ሌንስ ማስተካከል ያስፈልጋል። ስኮፑን ወደ ባዶ ሰማይ ወይም ነጭ ግድግዳ አዙሮ፣ ለአፍታ ብቻ እያዩ፣ መስቀሉ በመጀመሪያ እይታ ጥርት እስኪል ድረስ። ረጅም ከታየ ዓይን ራሱ እያስተካከለ ያታልላል፤ ፀሐይ ወዳለችበት ማዞርም በጭራሽ አይገባም። ከዚያ ጠመንጃው በአሸዋ ከረጢት ላይ ረግቶ፣ ጉንጭ ከሰደፉ ትንሽ ተነሥቶ፣ ራስን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያደረጉ መስቀሉ መንሸራተቱን እስኪያቆም ድረስ መዘውሩን ማዞር ነው። ምስሉ ጥርት ማለቱ ብቻውን አይበቃም። የዓይን ሌንሱ በደንብ ካልተስተካከለ ምስሉ የሚጠራበት ቦታና ፓራላክስ የሚጠፋበት ቦታ ይለያያሉ።

መዘውር የሌላቸው የአደን ስኮፖችስ? ብዙዎቹ ፋብሪካ ውስጥ ለ100 ወይም ለ150 ያርድ ተስተካክለው የተዘጉ ናቸው። የፊት ሌንሱ 40 ሚሊሜትር የሆነና ለ100 ሜትር የተስተካከለ ስኮፕ ይዞ የጸሐፊውን ምክር በመከተል በ300 ሜትር የሚሞክር ሰው፣ የስህተቱ ጣሪያ 40 ሚሊሜትር፣ ግማሽ ደቂቃ ሊሞላ ምንም ያልቀረው ይሆናል። እንዲህ ላለው ስኮፕ ትክክለኛው የመፈተኛ ርቀት ፋብሪካው የመረጠለት ርቀት ነው። ርቀትና ስኮፕ ተነጣጥለው የሚመረጡ ነገሮች አይደሉም የምለው ለዚህ ነው።

ርቀት የሚያጎላው ምንን ነው?

ሁለተኛው ነጥብ ላይ ላዩን ሲያዩት ልክ ይመስላል። በሁለት አሞላሎች መካከል ያለው ልዩነት የደቂቃ አሥረኛ ቢሆን በ100 ሜትር 3 ሚሊሜትር ነው፣ በዓይን አይያዝም፤ በ300 ሜትር 9 ሚሊሜትር ይሆናል። ጎልቷል። እውነት ነው።

አብሮ የጎላውንስ ማን ይቁጠረው? የተለመደውን የ.308 ዊንቸስተር 168 ግሬይን (11 ግራም ገደማ) አረር ውሰዱ። 1 ሜትር በሰከንድ የሚነፍስ የጎን ንፋስ በ100 ሜትር ግማሽ ሴንቲሜትር ገደማ ይገፋዋል። በ300 ሜትር ግን ወደ 5 ሴንቲሜትር። ርቀቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን የምንፈልገው ልዩነት ሦስት እጥፍ አደገ፣ ንፋሱ ግን ዘጠኝ አሥር እጥፍ። በሰከንድ 1 ሜትር ማለት ደግሞ ፊት ላይ የማይሰማ፣ ጭስ ሲያዘነብል ብቻ የሚታወቅ ንፋስ ነው። በአንደኛውና በሦስተኛው ጥይት መካከል መጥቶ ቢሄድ ማንም አያየውም። 9 ሚሊሜትሩን ፍለጋ 50 ሚሊሜትር የሚያናውጥ ሜዳ ላይ መውጣት በማዕበል መካከል የውሃ ጠብታ እንደ መቁጠር ነው።

በዚህ ላይ ሦስት ጥይት። ስብስብን በዳርና ዳር ቀዳዳዎች መካከል ባለው ርቀት የምንለካ ከሆነ፣ ልኩ የሚወሰነው ከሁሉ በባሱት ሁለት ጥይቶች ብቻ ነው። አንድ ጠመንጃና አንድ ዓይነት ጥይት እንኳ በጥይት ቁጥር ብቻ የተለያየ ስብስብ ይሰጣል፤ የአሥር ጥይት ስብስብ በአማካይ ከሦስት ጥይቱ 1.6 እጥፍ ያህል ይሰፋል። ስለዚህ «ጠመንጃዬ በሦስት ጥይት ይህን ያህል ይመታል» የሚል ሰው «በአሥር» ከሚል ሰው ጋር እየተነጋገረ አይደለም። ከዚህ የሚከፋው መዋዠቁ ነው። አማካዩ 25 ሚሊሜትር የሆነ የሦስት ጥይት ስብስብ አንዴ 16፣ አንዴ 34 ሆኖ ቢመጣ ምንም የተለየ ነገር አልተፈጠረም። ያው ጥይት ነው።

ያላመነ አንድ ሙከራ ያድርግ። አንድ ዓይነት ጥይት 30 ሙሉ፣ ሁሉም እኩል ባሩድ። በሦስት በሦስት ከፍላችሁ ከ1 እስከ 10 ቁጥር ስጡ፤ የተለያየ አሞላል እንደሆኑ አድርጋችሁ ተኩሱ፤ ውጤቱን በሠንጠረዥ አስፍሩ። እኔ ሳደርገው ትንሹ ስብስብ የትልቁን ግማሽ አልሞላም ነበር። ሠንጠረዡን ያሳየሁት ወዳጄ «ቁጥር 4ን እና ቁጥር 7ን ያዝ፣ እነሱ ናቸው ምርጦቹ» አለኝ። ምርጥ የሚባል ነገር እዚያ አልነበረም።

ጸሐፊው ራሳቸው በመጀመሪያው ቀን አንደኛ የወጣው አሞላል በሁለተኛው ቀን መጨረሻ መውጣቱን ጽፈው፣ ጥፋቱን በሙቀት ላይ አላከውታል። ሙቀት የባሩድን ፍጥነት ይለውጣል፣ አልክድም። ግን ሦስት ጥይት ብቻ ተተኩሶ ደረጃው ከተገለበጠ ሙቀትን ከመክሰሳችን በፊት የምንጠይቀው ሌላ ነገር አለ።

የኔ አካሄድ ቀላል ነው። መነሻው ከታተመው የአሞላል መመሪያ የመጀመሪያ መጠን፣ ጣሪያውም የመመሪያው ጣሪያ፤ ርቀት ምንም ይሁን ምን ከዚያ አልፋለሁ አልልም። ለእያንዳንዱ መጠን በ100 ሜትር አምስት አምስት፣ ተስፋ የሰጠውን ደግሞ በሌላ ቀን እንደገና፣ እስከ 20 ድረስ። ወረቀቶቹን በማነጣጠሪያ ነጥባቸው ደራርቤ እንደ አንድ ስብስብ አያቸዋለሁ፤ ዳርና ዳር ሳይሆን እያንዳንዱ ቀዳዳ ከስብስቡ መሃል ያለውን ርቀት ለክቼ አማካዩን እወስዳለሁ። እንዲህ ሲደረግ ሁሉም ጥይት ድምፅ ይሰጣል፣ አንድ ጉደኛ ብቻውን አይፈርድም። በዚህ ከተለኩ በኋላ ብዙ «ልዩነቶች» ይጠፋሉ። መጥፋታቸው ያበሳጫል፣ ባሩድና ጊዜ ግን ይቆጥባል።

ሩቁ ብቻ የሚመልሳቸው ጥያቄዎች

ጸሐፊው ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል አላልኩም። 100 ሜትር የማይመልሳቸው ጥያቄዎች አሉ። ዋናው የፍጥነት መለያየት ነው። ከአፈሙዝ በ800 ሜትር በሰከንድ ገደማ የሚወጡ ሁለት አረሮች በ10 ሜትር በሰከንድ ቢለያዩ፣ በ100 ሜትር የቁመት ልዩነታቸው 2 ሚሊሜትር አይሞላም ወይም ቢሞላ ነው። በ300 ሜትር ወደ 2 ሴንቲሜትር፣ በ600 ሜትር ወደ 10 ሴንቲሜትር ይሆናል። በ100 ሜትር አንድ ቀዳዳ ውስጥ የሚገቡ ጥይቶች በ600 ሜትር ከላይ እስከ ታች እንደ መሰላል ሊደረደሩ የሚችሉት ለዚህ ነው።

ይሁንና ለዚህ ወደ ሩቅ መሄድ ብቸኛው መንገድ አይደለም። ዛሬ ፍጥነትን ክሮኖግራፍ በቀጥታ ይነግረናል፤ በራዳር የሚሠራው ደግሞ ከበርሜሉ ጋር ስለማይነካካ ስብስቡን አያበላሽም። አፈሙዝ ላይ የሚታሰረው ዓይነት የበርሜሉን ርግብግቢት ስለሚለውጥ በሱ ፍጥነት እየለኩ በዚያው ስብስብ መፍረድ አይገባም። እዚህም ቢሆን የጥይት ቁጥር ጉዳይ ይከተለናል። አምስት ጥይት ተኩሶ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ (ፍጥነቶቹ ከአማካያቸው የሚርቁበት ልክ) 4 ሜትር በሰከንድ የወጣለት ሰው እውነተኛው ቁጥር ከ2.4 እስከ 11.5 ባለው ውስጥ የትም ሊሆን እንደሚችል ይወቅ።

ወደ ሩቅ ሲወጣም የሚነበበው ቁመቱ ይሁን። የክሬይተን ኦዴት የሚባለው የመሰላል ሙከራ፣ ባሩዱን በትንሽ በትንሹ እየጨመሩ እያንዳንዱን ጥይት በ200 ወይም በ300 ያርድ አንድ ዒላማ ላይ መተኮስ፣ የሚመለከተው የቀዳዳዎቹን ከፍታ ነው። የጎኑን ለንፋሱ ይተውለታል። የዳን ኒውቤሪ የባሩድ መጠን አመራረጥ ደግሞ በ100 ያርድ የሚደረግ ነው፤ የሚያየውም የስብስቦቹን ጥበት ብቻ ሳይሆን መሃላቸው የት እንዳረፈ ነው። ሁለቱ መንገዶች ምን ያህል እውነት እንደሚያገኙ ብዙ ያከራክራል፤ እኔ በአንድ አንድ ጥይት የሚሠራውን መሰላል ብዙ አላምነውም። ግን ሁለቱም ለጥያቄያቸው የሚስማማ ርቀት መርጠዋል። የጸሐፊው ዘዴ የመሰላሉን ርቀት ወስዶ በስብስብ ስፋት ይለካል።

ሌላው ሩቁ ብቻ የሚመልሰው ጥያቄ አረሩ ወደ ድምፅ ፍጥነት፣ ማለትም ወደ 340 ሜትር በሰከንድ ሲወርድ የሚሆነው ነው። አንዳንድ አረሮች እዚያ ይናወጣሉ፤ የኋላ ጫፉ ሰፊ ማዕዘን ይዞ የሚጠበው የ168 ግሬይን የውድድር አረር ወደ 1,000 ያርድ ሲጠጋ በዚህ ስሙ ወጥቷል። ይህን 300 ሜትርም አያሳይም። 1,000 የሚተኩስ ሰው 1,000 ላይ ሄዶ ማየት አለበት።

25 እጥፍ ያለው ማን ነው?

በ300 ሜትር ዓለም አቀፍ የጠመንጃ ውድድር ተኳሾች ምንም የማያጎላ የቀዳዳ ማነጣጠሪያ ይዘው፣ 100 ሚሊሜትር ስፋት ያለውን የአሥር ክብ ደጋግመው ይመታሉ። ይህ ከ1.2 ደቂቃ ያነሰ ነው። በአሜሪካ የቤንችረስት (ጠመንጃን ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ የመተኮስ) ውድድር ውስጥ የአዳኞች ምድብ የሚባለው ስኮፕን በ6 እጥፍ ይገድባል፤ ተኳሾቹ በዚያ የሚሠሩት ሥራ ብዙዎቻችንን በ25 እጥፍ የማይሳካልን ነው። እንዴት?

ጤናማ ዓይን 1 ደቂቃ ያህል ይለያል። በ10 እጥፍ ሲጎላለት በ100 ሜትር 3 ሚሊሜትር ገደማ፣ በ25 እጥፍ 1.2 ሚሊሜትር ይለያል። ሚዛናዊ ቅርጽን መሃል ለመክፈል ሲሆን ደግሞ ዓይን ከዚህም ይበልጣል። ዋናው ነገር ግን ስህተቶች እንደ ብር ተቆጥረው አለመደመራቸው ነው። የሚደመሩት ካሬያቸው ነው። ጥይቱ ራሱ 20 ሚሊሜትር የሚበተን፣ የማነጣጠር ስህተቱ 5 ሚሊሜትር ከሆነ ወረቀቱ ላይ የሚታየው 20.6 ነው። ከቀድሞው ሁለት እጥፍ በሚያጎላ ስኮፕ የማነጣጠር ስህተቱ በግማሽ ቢቀንስ 20.2 ይሆናል። ትርፉ ግማሽ ሚሊሜትር አይሞላም። የማነጣጠር ስህተት ከጥይቱ ብትን ሩብ በታች ከወረደ በኋላ የሚጨመረው ማጉላት ለዓይን ደስታ ነው። ሩብ ደቂቃ በሚመታ የቤንችረስት ጠመንጃ 36 እጥፍ ቦታ አለው፤ 1 ደቂቃ በሚመታ የአደን ጠመንጃ ግን 10 ወይም 12 ይበቃል።

ከመጠን ያለፈ ማጉላት ደግሞ ነጻ አይደለም። የሞቀ አየር ርግብግቢት አብሮ ይጎላል፤ ከጋለ በርሜል የሚነሣው ሙቀት ዒላማውን እንደ ውሃ ውስጥ ጠጠር ያስዋኘዋል። 50 ሚሊሜትር ሌንስ በ25 እጥፍ ሲሆን ከስኮፑ ወደ ዓይን የሚወጣው የብርሃን ክብ 2 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ራስ ትንሽ ፈቀቅ ሲል እይታው ይጠፋል። የልብ ምትም ይታያል፤ ተኳሹ እየታገለው ምላጩን ይነጥቃል። ርግብግቢቱ ሲበረታ እኔ ወደ 12 ዝቅ አደርገዋለሁ። ገንዘቡን ለተጨማሪ ማጉላት ከማውጣት መልካም ዒላማ መሳል ይሻላል፦ የስኮፑ መስቀል አራት እኩል ነጭ ማዕዘን የሚተውለት ካሬ፣ ቀዳዳዎቹም እንዳያበላሹት ስኮፑ ጥቂት ሴንቲሜትር ከፍ አድርጎ እንዲመታ ተደርጎ።

ይህ ወደ ክሊኩ ይወስደኛል፤ አጭር ነው። በሙከራ መካከል ክሊክ አትንኩ። ስብስቡ የት እንዳረፈ ራሱ መረጃ ነው፣ ወደ መሃል ሲመለስ ይጠፋል፤ ስኮፑም በትክክል መመለሱ ገና አልተረጋገጠም። እሱን ማረጋገጥ የፈለገ በ100 ሜትር 1 ሜትር ቁመት ያለው መስመር ይሳል፣ ስኮፑን 10 ሚል (1 ሚል በ100 ሜትር 10 ሴንቲሜትር ነው) ያንሣው፣ መስቀሉ በልኩ ይደርስ እንደሆነ ይይ። ለዚያ ሥራ የተለየ ቀን ይሰጠው።

አሁን ወደ አምስቱ ወረቀቶች። ፎቶዎቹን አጉልቼ በማስመሪያ ለካኋቸው። ከአምስቱ አራቱ ከቁመታቸው ይልቅ በጎን የሰፉ ናቸው፤ «አሸናፊ» የተባለው ደግሞ በቁመት ከአምስቱ ሦስተኛ ነው። አንደኛ ያደረገው በጎን መጥበቡ ነው። ባሩድ ጥይትን ወደ ግራና ወደ ቀኝ አይገፋም። ጸሐፊው ያን ዕለት ከአሸናፊው በፊትና በኋላ ስንት ደቂቃ እንደጠበቁ፣ ባንዲራው ወዴት ይውለበለብ እንደነበር፣ መዘውሩም የት ቁጥር ላይ እንደነበር ማስታወሻ ይዘው ከሆነ ቢያወጡልን፣ የቁመቱንና የጎኑን ለየብቻ ለክቼ ሠንጠረዡን እኔ እሠራዋለሁ።